ቺፕ ሲያጥር፦ በስሞልና በቢግ ብላይንድ መካከል የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፖከር እየተጫወታችሁ ነው፣ ሌላው ሁሉ ካርዱን ጥሎ ከዙሩ ወጥቷል። የቀራችሁት ስሞል ብላይንዱና ቢግ ብላይንዱ (ካርድ ከመታየቱ በፊት ግማሹንና ሙሉውን የግዴታ ክፍያ የሚያወጡት ሁለቱ ተጫዋቾች) ብቻ ናችሁ፣ ቺፑም (የመጫወቻው ገንዘብ) ብዙ አይደለም። ቶርናመንት ላይ ይሄ ነገር ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ጎልቶ ስለማይታይ ግን ቆም ብሎ የሚያስብበት ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ካርዱ ያምራል አያምርም ብሎ ይወስናል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ቺፕ ሲያጥር ከካርዱ በፊት መታየት ያለበት ዋጋው ነው፦ ስንት ልከፍል ነው፣ ስንትስ ላገኝ ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ቺፕ የምንቆጥረው በቢግ ብላይንድ ነው፤ የሚቆጠረውም ከሁለታችሁ ያነሰው ነው። አንተ 40 ብላይንድ ይዘህ ተጋጣሚህ 7 ብቻ ካለው፣ ጨዋታው የ7 ብላይንድ ጨዋታ ነው፤ የቀረው 33 ጌጥ ነው። ከታች ያሉት ምሳሌዎች በሙሉ ቢግ ብላይንዱ 1 ብላይንድ አንቴ (ከብላይንዱ ሌላ ተጨማሪ የግዴታ ክፍያ) የሚከፍልበት ቶርናመንት ላይ ናቸው፣ ቺፑም የተቆጠረው አንቴው ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይል መሃል ላይ 2.5 ብላይንድ አለ፦ ግማሽ ከስሞሉ፣ 1 ከቢጉ፣ 1 ከአንቴው።

«ስሞል ብላይንድ ላይ ስጥል ስጥል ቺፔ አለቀ»

ምክንያቱ ጥሩ ካርድ መጠበቅ ነው። 10 ብላይንድ ይዘህ ኤስ ወይ ጥንድ እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ ብላይንዱ ግን አንተን አይጠብቅም።

ሒሳቡን እንየው። በ10 ብላይንድ ኦል ኢን ብለህ (ያለህን ቺፕ ሁሉ አስገብተህ) ተጋጣሚህ ከጣለ 2.5 ብላይንድ ወሰድክ። አሁን ካርድህ ደካማ ነው እንበል፣ ኮል ሲደረግ (ተጋጣሚህ አቻውን ከፍሎ ሲገጥምህ) የሚያሸንፈው 35 በመቶ ብቻ ነው። ፖቱ (መሃል ላይ የተሰበሰበው ቺፕ) 21 ብላይንድ ይሆናል፣ ከዚያ ውስጥ ድርሻህ 7.35 ነው፣ አንተ የጨመርከው ደግሞ 9.5፤ በአማካይ 2.15 ትከስራለህ ማለት ነው። ሁለቱን ስታመዛዝን፣ ተጋጣሚህ ከ46 በመቶ በላይ የሚጥል ከሆነ በዚህ በማይረባ ካርድ እንኳን ታተርፋለህ። 40 በመቶ ጊዜ ኮል የሚያደርግ ሰው ቢሆን እንኳ ከእያንዳንዱ ኦል ኢን በአማካይ 0.64 ብላይንድ ይተርፍሃል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከ10 ላይ ነው የምናወራው። አንቴ ከሌለ ግን ነገሩ ይቀየራል፦ ያው ካርድ እንዲያዋጣ ተጋጣሚህ 62.5 በመቶ ጊዜ መጣል አለበት። ስለዚህ አንቴ መኖር አለመኖሩን ሳታይ በየትኛው ካርድ ኦል ኢን እንደሚባል የሚያሳይ የሰው ሰንጠረዥ አትገልብጥ።

መፍትሄው ይኸውልህ። 10 ብላይንድና ከዚያ በታች ስትሆን ጥንድ ሁሉ፣ ኤስ ሁሉ፣ ኪንግ ሁሉ ኦል ኢን ነው፤ አዎ፣ ኪንግ-2ም ጭምር። ከዚያ ብዙዎቹ ኩዊኖች፣ እንደ 9-8 ያሉ ተከታታይ ካርዶችም ይጨመራሉ፣ በተለይ ምልክታቸው አንድ ከሆነ። «9-8 ይዤ ኤስ-ኪንግ ቢገጥመኝስ?» ቢገጥምህ ወደ 40 በመቶ ታሸንፋለህ። የሚገርመው ኤስ-5 ይዘህ ያው ኤስ-ኪንግ ቢገጥምህ የባሰ ነው፣ አንድ አራተኛ አካባቢ ነው የምታሸንፈው፣ ምክንያቱም ኤስህ ተሸፍኗል፤ እሱም ኤስ አለው፣ ኪንጉ ደግሞ ከ5ህ ይበልጣል። ኤስ-5 አሁንም ኦል ኢን ነው፣ እንዳትሳሳት። አንድ ኤስ አንተ ጋ ስላለ ሌላው ሰው ኤስ የመያዝ እድሉ ይቀንሳል።

ደግሞ እስከ 3 ብላይንድ ድረስ አትጠብቅ። በ3 ብላይንድ ኦል ኢን ስትል ተጋጣሚህ 2 ከፍሎ 5 ለማግኘት ነው የሚጫወተው። 28.6 በመቶ ማሸነፍ ይበቃዋል (የሚከፍለው 2 ለጠቅላላው 7 ሲካፈል)፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ሁለት ካርድ ማለት ይቻላል ያሟላል። ማንም አይጥልልህም። ኦል ኢን ኃይል የሚኖረው ሰው ሊጥልልህ ሲችል ነው።

«ትንሽ ሬይዝ አደርግና ኦል ኢን ሲመጣ እጥላለሁ»

8 ብላይንድ አለህ፣ ስሞል ላይ ነህ፣ «እስቲ በትንሹ ልሞክር» ብለህ ወደ 2 ብላይንድ ሬይዝ ታደርጋለህ (ውርርዱን ከፍ ታደርጋለህ)። ቢጉ ኦል ኢን ይልብሃል። አሁን 6 ከፍለህ 11 ለማግኘት ነው፣ 35 በመቶ ይበቃሃል፣ ሬይዝ ያደረግክበት ካርድ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንን ያሟላል። ብትጥል ስህተት ነው። ኮል ብታደርግም መጀመሪያውኑ ኦል ኢን ብትል ኖሮ ተጋጣሚህ ይጥለው የነበረውን ካርድ ፊት ለፊት አገኘኸው። በሁለቱም በኩል ተበላህ።

ምክንያቱ ትንሽ ሬይዝ ርካሽ መምሰሉ ነው። ግን ከቺፕህ ሩቡን አስገብተህ መጣል ርካሽ አይደለም። 10 አካባቢና ከዚያ በታች ምርጫህን ኦል ኢን ወይ መጣል አድርገው። ትንሽ ሬይዝ ካስፈለገህም ኦል ኢን ሲመጣ በደስታ ኮል በምታደርግበት ካርድ ብቻ፣ ለምሳሌ በትልልቅ ጥንዶች፤ እሱም ተጋጣሚህ ኦል ኢን ማለት የሚወድ ሰው ከሆነ።

«ሊምፕ ባልኩ ቁጥር ኦል ኢን ይወርድብኛል»

ሊምፕ (ከፍ ሳታደርግ ቢግ ብላይንዱን ብቻ ማሟላት) የምታደርገው በደካማ ካርድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጠንካራውን ሬይዝ፣ ደካማውን ሊምፕ፤ ይህንን ለማንበብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሊምፕ በራሱ ግን መጥፎ አይደለም። ከ12 እስከ 20 ብላይንድ ባለው መሃል እንዲያውም በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ዋጋው ግማሽ ብላይንድ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ 2.5 አለ። ማስተካከያው አንዳንድ ጠንካራ ካርዶችንም በሊምፕ መጫወት ነው። ቢጉ ኦል ኢን ሲል ሁለቴ ኤስ-ኪንግ ወይ ጥንድ ኩዊን ካሳየኸው በኋላ እጁን ይሰበስባል። አንድ ነገር ግን አስታውስ፦ ስሞል ላይ ስትሆን ከፍሎፕ (መሃል ላይ ከሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርዶች) በኋላም ቀድመህ የምትጫወተው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ሊምፕ ብለህ ፍሎፕ ካየህ በኋላ በባዶ እጅ ብዙ አትታገል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ይሄ ይገለበጣል፤ ዲለሩ (የአዳይነት ምልክቱ ፊቱ ያለው ተጫዋች) ራሱ ስሞል ብላይንድ ይሆንና ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የሚጫወተው እሱ ነው።

«ቢግ ብላይንድ ላይ ሆኜ ኦል ኢን ሲመጣ ግራ ይገባኛል»

ግራ የሚገባህ «በዚህ ካርድ ኮል ይደረጋል?» ብለህ ስለምትጀምር ነው። ጥያቄው «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ሰው ላይ?» ነው። ዋጋዎቹን በቃልህ ያዛቸው፣ ጥቂት ናቸው። ኦል ኢኑ 5 ብላይንድ ከሆነ 4 ከፍለህ 7 ለማግኘት ነው፣ 36 በመቶ ይበቃሃል። 10 ከሆነ 9 ከፍለህ 12፣ ወደ 43 በመቶ። 15 ከሆነ 14 ከፍለህ 17፣ ወደ 45 በመቶ። አየህ፣ 50 በመቶ አንዱም ጋ የለም። «ምናልባት ትንሽ ወደኋላ ነኝ» ብሎ መጣል ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የካርድ ውበት ነው። 7-6 ባለ አንድ ምልክት ዓይን ይስባል፣ ከማንኛውም ካርድ ጋር ቢገጥም ግን የሚያሸንፈው 45 በመቶ አካባቢ ነው። ምልክቱ የተለያየ ኪንግ-5 ማንም አይወደውም፣ እሱ ግን ከግማሽ በላይ ያሸንፋል። 7-6 ራስህ ኦል ኢን ለማለት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ሊጥል ይችላል፤ ኮል ለማድረግ ግን የሚጥል ሰው የለም፣ ካርድ ለካርድ ነው፣ ያኔ ትልቅ ካርድ ይሻላል። ስለዚህ ስሞሉ በብዙ ካርድ ኦል ኢን የሚል ሰው ከሆነና 10 ብላይንድ ከሆነ፦ ጥንድ ሁሉ፣ ኤስ ሁሉ፣ አብዛኞቹ ኪንጎች፣ ደህና ደህና ኩዊኖች ኮል ናቸው። ዝምተኛ ሆኖ ድንገት ኦል ኢን ያለ ሰው ከሆነ ደካማ ኪንጎቹንና ኩዊኖቹን ጣላቸው።

ኦል ኢን ሳይሆን ሚኒ ሬይዝ (ወደ 2 ብላይንድ ብቻ ከፍ ማድረግ) ከመጣብህ ነገሩ ቀላል ነው። 1 ከፍለህ 4 ለማግኘት፣ 20 በመቶ። መጨረሻ የምትጫወተውም አንተ ነህ። በጣም የወደቀ ካርድ ካልሆነ በቀር አትጣል።

«ሁሌ የሚሠራልኝ ኮል ሽልማት ሲቃረብ ያስወጣኛል»

ይሄኛው ላይ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ሒሳብ በሙሉ የሚቆጥረው ቺፕ ነው፣ አንተ የምትወስደው ደግሞ ሽልማት ነው። ሁለቱ እኩል አይሄዱም።

አራት ሰው ቀርቷል፣ ሁሉም እኩል ቺፕ አላቸው፣ ሽልማቱ ለሦስት ሰው ነው፦ ከ100 ላይ 50፣ 30 እና 20። የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 25 ነው። አሁን አንዱን አሸንፈህ ቺፕህን እጥፍ አደረግክ። ድርሻህ 50 ሆነ? አልሆነም። አይሲኤም በሚባለው፣ ቺፕን ወደ ሽልማት ድርሻ በሚቀይር ስሌት 38.3 አካባቢ ነው። ማለትም 25 አስይዘህ የምታገኘው 13.3 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብላይንዱን ወደ ጎን ብለን ኮሉ እንዲያዋጣ 50 ሳይሆን 65 በመቶ ማሸነፍ አለብህ። በቺፕ ሒሳብ ግልጽ ኮል የሆነው ኤስ-4 እዚህ ግልጽ መጣል ነው። ሽልማቱ ሁሉ እኩል የሆነበት ቶርናመንት፣ ማለትም ወደ ትልቅ ውድድር የሚያስገባ ቦታ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ ቦታህ አስተማማኝ ሆኖ ሳለ ጥንድ ኤስ እንኳን የሚጣልበት ጊዜ አለ።

የዚህ ሌላው ገጽ ለስሞሉ ነው። ተጋጣሚህ ኮል ለማድረግ 65 በመቶ ካስፈለገው ብዙ ይጥላል፣ አንተም ከእሱ የበለጠ ቺፕ ካለህ ከወትሮው በሰፋ ካርድ ኦል ኢን ማለት ትችላለህ። ልብ በል፣ ይሄ የሚሠራው እሱም ይህንን ካወቀ ነው። ሽልማት ቀረበ አልቀረበ በኤስ-2 ኮል የሚያደርግ ሰው ቢግ ላይ ከተቀመጠ ደካማ ካርዶችህን መልሰህ ጣላቸው፣ ጥንዶችህንና ጥሩ ኤሶችህን ግን ሳትፈራ ግፋ። በተቃራኒው ሽልማት እስኪገባ ምንም የማይነካ ሰው ከሆነ ካርድህን ማየትም አያስፈልግህም።