የመጀመሪያ የመርከብ ሽርሽር፦ የኪስ ገንዘባችን የት ገባ? ችግርና መፍትሄው

ዱባይ የምትሠራው እህቴ ታህሳስ ላይ ደወለች። «በጥር እማዬንና አንቺን መርከብ ላይ አሳፍራችኋለሁ» አለች። ከዱባይ ተነስቶ አቡዳቢ፣ ዶሃና ሙስካት ደርሶ የሚመለስ የ7 ሌሊት ጉዞ ነው። ቲኬቱ ተከፍሏል። መኝታው፣ ምግቡና መዝናኛው ውስጡ አለ። ለእኛ የቀረን ፓስፖርትና ልብስ ይዞ መሄድ ብቻ መሰለን።

እህቴን ጨምሮ ለ3ታችን 600 ዶላር የኪስ ገንዘብ መደብን። በ5ኛው ቀን አለቀ። ይህን ገዛን የምንለው ነገር ግን አልነበረም። ደሴ ከተመለስን በኋላ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ኪሴ ያለው ዶላር አልተነካም፣ ሒሳቤ ግን አብጧል

መርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም። ስትሳፈሩ ካርድ ይሰጣችኋል። የክፍላችሁን በር የሚከፍተው እሱ ነው፤ ስትወጡና ስትገቡ የሚታየውም፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። ሰኞ ገበያ ወጥተን ስንገዛ ብሩ ከእጃችን ሲወጣ እናየዋለን። መቶዋ ስትዘረዘር ቅር ይለናል። መርከቡ ላይ ያ ስሜት የለም። ካርዱን ታሳያላችሁ፣ አስተናጋጁ ፈገግ ይላል፣ ታልፋላችሁ።

መፍትሄው ገንዘቡ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሒሳቡን በየማታው እዩት። በብዙ መርከቦች በክፍሉ ቴሌቪዥን ወይም በመርከቡ አፕ ላይ ይታያል። ካቃታችሁ እንግዳ መቀበያው ጋ ሂዱና በወረቀት አትሙልኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው። በብዙ መርከቦች ደግሞ በባንክ ካርድ ፋንታ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይቻላል። መጀመሪያ 200 ዶላር ታስይዛላችሁ። ሲያልቅ ይነገራችኋል። የተረፈው መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያልቅ ነገር ያስጠነቅቃል።

ምንም ሳንገዛ በየቀኑ 42 ዶላር ይቆረጣል

እኔ ስህተት መስሎኝ ልጣላ ወርጄ ነበር። ስህተት አልነበረም። የሠራተኞች ጉርሻ ነው። በብዙ መርከቦች በሰው በቀን ከ12 እስከ 20 ዶላር ገደማ ሒሳባችሁ ላይ በራሱ ይደመራል። የእኛ 14 ነበር። 14 ለ3 ሰው በቀን 42 ነው። በ7 ሌሊት 294 ዶላር ይሆናል። ከ600ው ግማሹ ገና ከመሳፈራችን በፊት የእኛ አልነበረም ማለት ነው።

ቲኬቱን የሚቆርጠውን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ጉርሻው ውስጡ ነው ወይስ ውጭ?» ውጭ ከሆነ ቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቻለ ከመደባችሁት ገንዘብ መጀመሪያ እሱን ቀንሱ። የልጆችም ዋጋ ሊለይ ስለሚችል ለብቻው ጠይቁ።

አንዳንድ ሰው እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዶ ያሰርዘዋል። እኔ አልመክርም። ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ከቤቱ ወራት ርቆ የሚሠራ፣ ለእናቱ የሚልክ ሰው ነው። የእኛም ቤት የሚቆመው እንደዚያ በሚላክ ገንዘብ ነው።

ቡናው በላን

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የወሎ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

እማዬ ቡና በቀን 3 ጊዜ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ዱዓው አብሮት። ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና፣ ሲኒ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና እጣን ከታ ነበር። ስንሳፈር ሻንጣው ሲፈተሽ ምድጃውና እጣኑ ተያዙ። መርከብ ላይ እሳት ትልቅ አደጋ ስለሆነ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማና እጣን አይገባም። ስንወርድ መለሱልን። እሷ ግን ያን ቀን ከፍቷት ዋለች።

ከዚያ መርከቡ ካፌ ሄድን። ማኪያቶው ይጣፍጣል፣ ግን የቲኬቱ አካል አይደለም። ዝርዝሩ ላይ 3 ዶላር ይላል፤ ደረሰኙ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። በብዙ መርከቦች ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። 3 ሰው በቀን 8 ስኒ ሲጠጣ ወደ 28 ዶላር መጣ። በ5 ቀን 140። በዚያ ብር ደሴ ውስጥ ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ እማዬ ስታሰላ ዝም አልኩ።

መንስኤው «ምግብና መጠጥ ነጻ ነው» የሚለውን ቃል ሳንፈታው መቀበላችን ነው። ራሳችሁ የምታነሱበት ትልቁ የምግብ አዳራሽ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተራ ቡና፣ ሻይና ውሃ ይገኛል፤ አይከፈልበትም። ካፌውና ባሩ ግን የሚከፈልባቸው ናቸው። ክፍል ውስጥ ያለች ትንሿ ፍሪጅም እንዲሁ። በላስቲክ የታሸገ ውሃም በብዛት ያስከፍላል።

ስለዚህ የውሃ መያዣ ኮዳ ከቤት ያዙና ከአዳራሹ እየቀዳችሁ ጠጡ። ቡናን በተመለከተ፣ እማዬን የሚያስደስት ነገር በ6ኛው ቀን ነው ያገኘሁት። በደንብ የተፈጨ የቤት ቡናና ትንሽ የጨርቅ ማጥለያ ብንይዝ ኖሮ፣ ሙቅ ውሃው አዳራሹ ውስጥ በነጻ አለ። የጀበናን ያህል አይሆንም። ከካፌው ግን ይበልጣል። ሲኒውን መያዝ ማንም አይከለክልም። ከካፌም ከሆነ በቀን 1 ጊዜ፣ 3ታችሁ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጠጡ። ከነአገልግሎት ክፍያው በቀን 10.50 ዶላር ገደማ ያንን ይሸፍናል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ደስ ይላል።

የመጠጥ ጥቅል ግዙ እያሉ አስጨነቁን

ጥቅል ማለት ለቀኑ አንድ ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ መጠጣት ነው። ስትሳፈሩ ብዙ ሰው ይሸጥላችኋል። ዋጋው የሚያዋጣው በቀን ብዙ አልኮል ለሚጠጣ ሰው ነው። አንዳንድ መርከቦች ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ አዋቂ ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት። ካልጠጣችሁ «አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም» በሉና እለፉ።

በየጥጉ ፎቶ የሚያነሱትም እንዲሁ። መነሳት ነጻ ነው፤ መግዛት አይደለም። እኛ 3 ፎቶ በ60 ዶላር ገዛን። አንዷ ብቻ ታምራለች።

ስልኬን ሳልነካው 70 ዶላር ጠፋ

ይህ የእህቴ ነው፤ የመጣው ከስልክ ድርጅቷ ነው። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልክ በራሱ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዛል። ይህ ተራ ሮሚንግ (ሌላ አገር ሆኖ የዚያን አገር ኔትወርክ መጠቀም) አይደለም፤ የአገር ጥቅሎች አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑትም። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቪዲዮና ፎቶ ሲያወርድ ሒሳቡ ይሮጣል።

መርከቡ ሳይነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ዋይፋይ ለብቻው ይከፈታል። የመርከቡን ኢንተርኔት መግዛት ካለባችሁ ለአንድ ስልክ ብቻ ግዙና ተራ በተራ ተጠቀሙ። ደሴ ላሉት ዘመዶች «በየ2 ቀኑ ከወደብ እንደውላለን» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ያ ካልተነገረ እነሱ ይጨነቃሉ፣ እናንተም ትከፍላላችሁ።

ሙስካት ላይ «5 ብቻ!» ብለን የገዛነው 13 ዶላር ሆነ

የመርከብ ጉዞ የገንዘብ ዓይነት ያደበላልቃል። በአንድ ሳምንት ድርሃም፣ የቃጣር ሪያልና የኦማን ሪያል ነካን። ጥሩነቱ 3ቱም ከዶላር ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ዋጋቸው አይዋዥቅም። 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። 1 ዶላር 3.64 የቃጣር ሪያል ነው። የኦማኑ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ 1 የኦማን ሪያል ወደ 2.60 ዶላር ይመታል።

የመትረህ ገበያ ከወደቡ ቅርብ ነው። የኦማን እጣን ስሙ የታወቀ ነው፤ ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። እማዬ 8 ያሏትን ተከራክራ 5 አስገባች። ደስ አላት። እኔም ዱባይ ላይ በለመድነው ሒሳብ አሰብኩት። 5 ድርሃም 1.40 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ 5 የኦማን ሪያል ግን 13 ዶላር ነው። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ስሌቱ ነው የጎደለው።

ከመውረዳችሁ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ 1፣ 5 እና 10 የወደቡ ገንዘብ ስንት ዶላር እንደሆነ ጻፉና ለእናታችሁም ስጧት። ለየወደቡ ገንዘቡን ለዩ። እኛ አሁን ብንሄድ ለ3 ሰው በወደብ 60 ዶላር እንመድባለን። ነጻ የሆነውን ደግሞ አስቀድሙ። አቡዳቢ ያለው የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድ መግቢያ አያስከፍልም፤ በኢንተርኔት ቀድሞ መመዝገብ ብቻ ነው። እማዬ እዚያ የቆየችበት 2 ሰዓት ከጉዞው ሁሉ የምታነሳው ነው። የከፈልነው ታክሲ ብቻ ነበር።

መርከቡ ሊያመልጠን 15 ደቂቃ ቀረን

ይሄ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ግን ትልቁ የገንዘብ አደጋ ያለው እዚህ ነው። መርከቡ በራሳችሁ ጊዜ የወረዳችሁትን አይጠብቅም። ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው ወደብ በራሳችሁ ወጪ ነው፤ ቪዛም ሊጨመርበት ይችላል።

መንስኤው 2 ነው። አንደኛ፣ ዶሃ ከዱባይ በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ከእኛ አገር ጋር እኩል ነው። ስልካችን በራሱ ወደ ዶሃ ሰዓት ዞረ፣ መርከባችን ግን በዱባይ ሰዓት ቀጠለ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ 17:00 ሲል እኛ 11 ሰዓት እንላለን። እኔና እማዬ አንዱን በአንዱ ስንተረጉም ተምታታብን። በተራ የእጅ ሰዓት ላይ የመርከቡን ሰዓት ሙሉና ስልኩን እርሱት። ከተባለው ሰዓት 1 ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ተመለሱ።

ከደሴ ሳንወጣ ገንዘቡ ጎደለ

የመርከብ ጉዞ ከዱባይ ወደብ አይጀምርም። ከደሴ ፒያሳ ነው የሚጀምረው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወይም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና አዲስ አበባ፣ እዚያ አንድ አዳር፣ ከዚያ ቦሌ። መመለሻውም ያው ነው። ይህን ብር ለብቻው በፖስታ አድርጉና ቤት ለሚቀር ሰው ስጡ። እኛ መመለሻውን አብረን በላነው፤ አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ያሳፈረችን።

ቪዛውንም ጠይቁ። ከዱባይ ወጥቶ በባህር ዞሮ ዱባይ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ርካሽ ነው፤ ግን ለዚህ አይሆንም። የኦማንና የቃጣርንም እንዲሁ ቀድማችሁ አጣሩ።

ዶላሩን ከባንክ ግዙ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ነው የምትቀርቡት። እኔ በመጨረሻው ሳምንት ሄጄ «ነገ ተመለሺ» 3 ጊዜ ተብያለሁ። ከ3 ሳምንት በፊት ጀምሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን በጀቱን በዶላር ጻፉት። በብር ከጻፋችሁት በወሩ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፣ ነጻ ግን አይደለም።

«ምን አመጣችሁልን?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እያወቅን ሳንመድብለት እንሄዳለን። ከዚያ በመጨረሻው ቀን መርከቡ ላይ ካለው ሱቅ በውድ እንገዛለን። የምትሰጧቸውን ሰዎች ስም ደሴ እያላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ልክ አውጡ። ግዢውን ዱባይ ከተማ ውስጥ፣ እህት ወይም ወንድም በሚያውቀው ሱቅ አድርጉት። በአውሮፕላኑ ቲኬት ላይ የተጻፈውን የኪሎ ልክም እዩ፤ ትርፍ ኪሎ ከስጦታው ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ብንሄድ የእኛ ድልድል እንዲህ ነው፦ ጉርሻ 294፣ ቡና 74፣ ለ3 ወደብ 180፣ መጠባበቂያ 150። ድምር 698 ዶላር፤ ስጦታና የመንገድ ብር ሳይቆጠር። 600ው ከመጀመሪያውም አይበቃም ነበር።

ወርደን ቤት ከገባን በኋላም ገንዘቡ ታስሯል

የባንክ ካርድ ካስያዛችሁ መርከቡ ከምትጠቀሙት በላይ ሊይዝ ይችላል። ትርፉ የሚለቀቀው ከቀናት በኋላ ነው። በመጨረሻው ምሽት፣ ሰልፉ ጠዋት ከመርዘሙ በፊት፣ ዝርዝር ሒሳቡን በወረቀት አስወጡና መስመር በመስመር እዩት። እኛ ላይ ያልጠጣነው 2 ጭማቂ ተጽፎ ነበር፤ እዚያው ሰረዙልን። ወረቀቱን አትጣሉት። ከ2 ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ያንን ይዛችሁ ካርዱን ወደሰጣችሁ ባንክ ሂዱ።