ዳኛውን ከመስደባችሁ በፊት፦ በረጅም የቤዝቦል ጨዋታ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ኦክቶበር 4 ቀን 2014፣ ቅዳሜ ማታ። ያኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። የከተማው ቡድን ናሽናልስ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር ይጫወታል። ጨዋታው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለጀመረ፣ ሕዝቡ 3 ሰዓት ላይ ይወጣል ብዬ ስታዲየሙ አጠገብ ቆምኩ። 3 ሰዓት ሆነ። 4 ሆነ። 5 ሆነ። ብርድ ያባረራቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ብቅ ይላሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የገቡልኝ ሁለት ተሳፋሪዎች እስከ ሜሪላንድ ድረስ ዳኛውን ሲረግሙ ሄዱ። ጨዋታው 18 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት ዙር)፣ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር።

ቤዝቦልን በደንብ መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ማታ ወዲህ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የእግር ኳስ ሰዓት ይዞ መግባት

እኛ ያደግነው በ90 ደቂቃ ነው። ካልተለየለት ጭማሪ 30 ደቂቃ አለ፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቤዝቦል ላይ እንዲህ ዓይነት መቁረጫ የለም። 9 ኢኒንግ አልቆ እኩል ከሆኑ 10ኛው ይቀጥላል፣ 11ኛው ይቀጥላል። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪውን የሚያጣድፍ ሰዓት መጥቷል። ቤዝ ላይ (ሯጩ በየተራ ረግጦ ዞሮ ወደ ሆም ሲመለስ ነጥብ የሚያስቆጥርባቸው ማረፊያዎች) ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ አሁን 18 ሰከንድ ይሰጠዋል። ይህ ግን በውርወራና በውርወራ መካከል ያለውን ጊዜ ነው የሚቆጥረው፣ ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ አይወስንም።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ። እንግዳው ቡድን በ12ኛው ኢኒንግ ነጥብ አስቆጠረ ብሎ ጃኬት መልበስ። ባለሜዳው ሁልጊዜ የሚመታው ሁለተኛ ስለሆነ የራሱ ተራ ገና አልደረሰም። በተቃራኒው ባለሜዳው ከመራ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል፤ የቀረውን መጨረስ የለም።

ከሁሉ ለየት ያለው ምሳሌ የፖተኬት ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 1981፣ በሮድ አይላንድ፣ በታችኛው ሊግ፣ ፖተኬት ሬድ ሶክስና ሮቸስተር ሬድ ዊንግስ ገጠሙ። የፈረንጆች ፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቀዝቃዛ ሌሊት ስለነበር ተጫዋቾቹ የተሰበረ ዱላ እያነደዱ ይሞቁ ነበር። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ጨዋታ እንዲቆም የሚያዘው ደንብ በዚያ ዓመት ዳኞቹ እጅ በገባው መመሪያ ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ስለዚህ አላቆሙትም። የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝቶ ነው ከ32ኛው ኢኒንግ በኋላ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ 2 ለ 2 እንዳሉ የቆመው። የእኛ ፋሲካ ቢሆን በዚያ ሰዓት ቅዳሴው አልቆ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰዉ ተኝቷል። ስታዲየሙ ውስጥ 19 ተመልካቾች ቀርተው ነበር። ክለቡ የዓመት መግቢያ ሰጣቸው። ቀድመው የሄዱት ከ1,700 በላይ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም።

መንፈሱ ሯጭ ሁልጊዜ አለ ብሎ ማሰብ

በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ጨዋታ እንዳይረዝም አንድ ደንብ መጣ። ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ተራውን የሚጀምረው ሁለተኛው ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ ቆሞለት ነው። የሚቆመው በመምቻ ተራው ከመጀመሪያው መቺ በፊት ያለው ሰው ነው። ሳይመታ እዚያ ስለተገኘ አሜሪካኖች በቀልድ መንፈስ ይሉታል። በ2023 ደንቡ ቋሚ ሆነ።

ሰው የሚሳሳተው ኦክቶበር ሲመጣ ነው። ደንቡ የሚሠራው በመደበኛው የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በፖስትሲዝን፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የዋንጫ ፍልሚያ፣ ሁሉም ቡድን ከባዶ ይጀምራል። በ2025 የዎርልድ ሲሪስ (የፍጻሜው ተከታታይ ግጥሚያ) ሦስተኛ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ 18 ኢኒንግ የተጫወቱትም ለዚህ ነው። ፍሬዲ ፍሪማን በሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ በተመታ ኳስ) 6 ለ 5 ጨረሰው። በ2018ም ዶጀርስ ከቦስተን ጋር፣ በተመሳሳይ ሦስተኛ ጨዋታ፣ 18 ኢኒንግና 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። እኔ በበኩሌ መንፈሱን አልወደውም። ሰው ያልሠራበትን ቤዝ መስጠት ሎተሪ ይመስለኛል። ወርዋሪዎች ግን ክንዳቸውን ስለሚያሳርፍላቸው ይመርቁታል።

በካቸሩ ጓንት መፍረድ

የሁላችንም ስህተት ነው። ኳሱ ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ በሚይዘው በካቸሩ ጓንት ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲገባ እናያለን፤ ዳኛው ስትራይክ (ልክ ውርወራ፤ ሦስት ከሆነ መቺው ይወጣል) ይላል፤ እኛ እንጮሃለን። ግን የሚፈረደው ኳሱ የቆመበት ቦታ ላይ አይደለም። መቺው አጠገብ መሬት ላይ ባለው ሆም ፕሌት ላይ ሲያልፍ የነበረበት ቦታ ነው የሚቆጠረው። ፕሌቱ 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። የኳሱ ጠርዝ ጠርዙን ከነካ ይበቃል። የሚታጠፍ ኳስ የስትራይክ ዞኑን (በፕሌቱ ላይ ያለውን የልክ ውርወራ ክልል) ነክቶ ከዚያ መሬት ሊቀርብ ይችላል። ካቸሩ ደግሞ ጓንቱን በዘዴ ወደ መሃል ይስባል፤ ሥራው ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ዞኑን የሚያሳየው ሳጥንም ሙሉ እውነት አይደለም። ሳጥኑ ጠፍጣፋ ነው። በደንቡ መጽሐፍ ያለው ዞን ግን እንደ ካርቶን ጥልቀት አለው።

በ2026 አዲስ ነገር ገብቷል። መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ካቸሩ ኮፍያውን መታ አድርጎ ውሳኔውን በካሜራ ማስመርመር ይችላል። አሠልጣኙ አይችልም። ለአንድ ቡድን ሁለት ዕድል አለው፤ ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። ለረጅም ጨዋታ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ ዕድሉን ጨርሶ ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ የገባ ቡድን አንድ ይሰጠዋል። መሣሪያው የሚለካው በፕሌቱ መሃል ላይ ነው፤ ከታች የመቺው ቁመት 27 በመቶ፣ ከላይ 53.5 በመቶ። ስለዚህ አጭሩ መቺ ላይ ቦል (ከዞኑ ውጭ ያለፈ) የተባለው ረጅሙ ላይ ስትራይክ ቢባል አትገረሙ።

የ2014ቱ ማታ ይህ አልነበረም። 10ኛው ኢኒንግ ላይ የናሽናልሱ አስድሩባል ካብሬራ በስትራይክ ጥሪ ተናድዶ ከዳኛው ጋር ተነታረከ፤ ተባረረ። ሊከላከልለት የወጣው አሠልጣኝ ማት ዊልያምስም ተባረረ። በቦልና ስትራይክ ጉዳይ መከራከር ያስባርራል። የቀሩትን 8 ኢኒንጎች ቡድኑ ያለ አሠልጣኙ ተጫወተ።

ዳኛው ሳይናገር መንቀሳቀስ

ይህ የተጫዋች ስህተት ነው፤ ተመልካቹም ይደግመዋል። በዚያው በ2025ቱ 18 ኢኒንግ ጨዋታ፣ 2ኛው ኢኒንግ ላይ፣ የቶሮንቶው ዳልተን ቫርሾ ከፍ ብሎ የመጣውን ኳስ አራተኛ ቦል (መቺውን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ የሚያስኬደው) መስሎት ወደ አንደኛው ቤዝ መሄድ ጀመረ። አንደኛው ላይ የነበረው ቦ ቢሼትም ቦታውን ለቀቀ። የዳኛው ጥሪ ዘግይቶ መጣ፦ ስትራይክ። ቢሼት ቤዙን እንደለቀቀ ተያዘ፣ አውት ሆነ (ከቤዝ ወጣ፤ ሦስት አውት የቡድኑን ተራ ይዘጋል)። የቶሮንቶ ሰዎች ዳኛው አዘግይቷል ብለው አማረሩ፤ አይፈረድባቸውም። ግን ዳኛ ዘገየ ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም።

እኩል ከደረሱ ለሯጩ ነው ማለት

ኳሱና ሯጩ ቤዙ ላይ እኩል ከደረሱ ለሯጩ ይፈረዳል የሚለውን አባባል ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም ይናገረዋል፤ ደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ግን በዚህ መልክ አልተጻፈም። አንደኛው ቤዝ ላይ ኳሱ ከመቺው መቅደም አለበት ይላል። ሌሎቹ ቤዞች ላይ ተገድዶ የሚሮጠው ሰው ነው መቅደም ያለበት። ቃል በቃል ካነበባችሁት አንዱ ቦታ ሯጩን፣ ሌላው ቦታ ተከላካዩን ይጠቅማል። ዳኛን ብትጠይቁት እኩል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሌም አንዱ ይቀድማል ይላችኋል።

ሪፕሌይ ሁሉን ያጠራል ማለት

የቪዲዮ ምርመራ በ2008 ለሆም ረን ብቻ ተጀመረ፣ በ2014 ሰፋ። ኒው ዮርክ የተቀመጡ ዳኞች አይተው ይወስናሉ። ሦስት ዓይነት መልስ አለ፦ ውሳኔው ትክክል ነው፣ ውሳኔው ተሽሯል፣ ወይም ውሳኔው ባለበት ይቀጥላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያምታታል። ባለበት ይቀጥላል ማለት ዳኛው ልክ ነበር ማለት አይደለም። ለመሻር የሚበቃ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ የቆመው ሰው መጀመሪያ የሰጠው ጥሪ እስከ ዛሬም ትልቅ ክብደት አለው።

ለረጅም ጨዋታ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ አሠልጣኙ የቪዲዮ ምርመራ የመጠየቅ ዕድሉን ቢጨርስም፣ ከ8ኛው ኢኒንግ ጀምሮ የዳኞቹ አለቃ ራሱ ምርመራ መጥራት ይችላል። ከመጮህ በፊት ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ እንደሆነ እዩ።

ሽንፈቱን በአንድ ጥሪ ላይ መጫን

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ያ የታክሲ ጉዞ ትዝ ይለኛል።

ጁላይ 26 ቀን 2011፣ አትላንታ ብሬቭስና ፒትስበርግ ፓይሬትስ። 3 ለ 3 ሆነው ወደ 19ኛው ኢኒንግ ገቡ። ሌሊት ለ8 ሰዓት 10 ጉዳይ ላይ የአትላንታው ወርዋሪ ስኮት ፕሮክተር፣ መቺ ስላለቀባቸው፣ ራሱ መታ። ኳሱ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ተንከባለለ፣ ወደ ሆም ተወረወረ። ሁሊዮ ሉጎ ገና ሲንሸራተት ካቸሩ ማይክል ማክኬንሪ ኳሱን ይዞ ጠበቀው፣ ጓንቱን እግሩ ላይ አሳለፈ። ዳኛው ጄሪ ሚልስ እጁን ዘረጋ፦ ሴፍ፣ ማለትም በሰላም ደርሷል። ጨዋታው አለቀ፣ 4 ለ 3። ያኔ ሪፕሌይ ለሆም ረን ብቻ ስለነበር የሚመረመር ነገር አልነበረም። በማግስቱ ሚልስ መሳሳቱን አመነ፣ ሊጉም ጥሪው ስህተት እንደነበር ተናገረ።

በዚህ አልከራከርም፣ ዳኛው ተሳስቷል። ግን ሉጎ አውት ቢባል ፒትስበርግ ያሸንፍ ነበር? አያሸንፍም። 3 ለ 3 እንዳሉ ሁለት አውት ሆኖ ይቀጥል ነበር። ፒትስበርጎች ከ3ኛው ኢኒንግ በኋላ አንድ ነጥብ አላስቆጠሩም። ያን ሁሉ ተራ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሚልስ አልከለከላቸውም።

የዋሽንግተኑም እንደዚያው ነው። ተሳፋሪዎቼ የረገሙት ዳኛ ማንንም ነጥብ አልሰጠም። ናሽናልስ 1 ለ 0 እየመራ፣ 9ኛው ኢኒንግ ላይ አንድ አውት ብቻ ሲቀረው፣ አሠልጣኙ ድንቅ ሲወረውር የነበረውን ጆርዳን ዚመርማንን አወጣው። ፓብሎ ሳንዶቫል መታ፣ እኩል ሆኑ። በዚያው ምት ባስተር ፖዚ ሆም ላይ አውት ተባለ፤ ተመረመረ፤ ጥሪው ጸና። ያ ለናሽናልስ የጠቀመ ውሳኔ ነበር! ታክሲዬ ውስጥ ማንም አላነሳውም። ከዚያ 9 ኢኒንግ ሙሉ ናሽናልስ አንድም አላስቆጠረም። 18ኛው ላይ ብራንደን ቤልት ሆም ረን መታ፣ 2 ለ 1።

ሌላው ዶን ዴንኪንገር ነው። በ1985 የዎርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ አውቱን ሴፍ አለ፤ ሴንት ልዊስ ካርዲናልስ 1 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ጥሪ በኋላ ግን ራሳቸው ቀላል ኳስ ሳይይዙ ቀሩ፣ ካቸራቸውም ኳስ አሳለፈ። በማግስቱ ሰባተኛው ጨዋታ ነበር። 11 ለ 0 ተሸነፉ። 11 ነጥብ የሚያሰጥ ዳኛ እስካሁን አልተወለደም።

ሪኮርዶቹን ማደባለቅ

ቡና ላይ ክርክር የሚያስነሳ ትንሽ ነገር ናት። በኢኒንግ ብዛት የከፍተኛው ሊግ ሪኮርድ 26 ነው፤ ሜይ 1 ቀን 1920፣ ብሩክሊንና ቦስተን፣ 1 ለ 1፣ መሽቶ የቆመ። ሁለቱም ጀማሪ ወርዋሪዎች 26ቱንም ወረወሩ፤ ጨዋታው ግን 4 ሰዓት አልሞላም። በሰዓት ርዝመት የቺካጎ ዋይት ሶክስና የሚልዋኪ ብሩወርስ የ1984ቱ ነው፣ በሁለት ቀን ተከፍሎ 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። 33 ኢኒንግ የሚላችሁ ሰው የሚናገረው ስለ ፖተኬቱ፣ ስለ ታችኛው ሊግ ነው። እሱም ያን ሌሊት አላለቀም። ጁን 23 ላይ ተመልሰው ገቡና 33ኛውን ኢኒንግ በ18 ደቂቃ ጨረሱት።