የሽምብራ ንፍሮ ከነገለፈቱ፦ ውፍረትን ለመከላከል የሚያግዝ ቁርስ

በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ቁርሱን ያለፈ ሰው ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሌላ የሚቀምሰው መፈለጉ አይቀርም። ነጭ ዱቄት አብዛኛው አሰሩ፣ ማለትም ፋይበሩ፣ ስለወጣለት በትንሹ አንጀት ፈጥኖ ያልቃል። አሰር ግን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚህ የሚወጡት እንደ ቡቲሬት ያሉ አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፤ ጥጋብን ለአንጎል የሚናገሩ ሆርሞኖች እንዲመነጩም ያግዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ ከ7 ግራም በላይ ሲኖረው፣ ያው መጠን ነጭ ሩዝ 1 ግራም እንኳ አይሞላም።

ለ4 ሰው 2 ብርጭቆ ያልተከካ ሽምብራ ለቅመው አጥበው በ6 ብርጭቆ ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍዝፉ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ይድፉት፤ ሆድ የሚነፋው ስኳር ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ገለፈቱን ግን አይላጡ፣ የምንፈልገው አሰር በብዛት ያለው እሱ ላይ ነው። በአዲስ ውሃ ይጣዱት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ግን 94 ይጠጋል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ መብሰሉ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ያለች እህትዎ በነገረችዎት ሰዓት ደሴ ላይ ካወጡት ጥሬ ይሆንብዎታል። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ይጫኗት፤ መሐሏ ሳይቋጥር እንደ ሊጥ ከተዳጠች በስሏል። ሎሚ ወይም ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ቢውልም አይለሰልስም፤ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩ። የተረፈውን ፍሪጅ ያሳድሩ። ፍሪጅ ከሌለ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ይቀቅሉ።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንጀቱ ያልለመደውን በአንዴ ሳህን ሙሉ ይበላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ «አልተስማማኝም» ይላል። በ3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ 2 ማንኪያ ይጨምሩ። ከነፋዎት መጠኑን ሳይጨምሩ ጥቂት ቀን ይቆዩበት። ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ አለዚያ ሆድ ያደርቃል።

በዘይት አይሹት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ብዙ ዓይነት ስለሆኑ ምግቡንም ማፈራረቅ ይጠቅማል፦ አንድ ቀን የገብስ ቂንጬ፣ አንድ ቀን የድፍን ምስር ወጥ፣ አንድ ቀን የማሽላ ንፍሮ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወይም አንጀታቸው ተዘግቶባቸው የሚያውቁ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።