ፉከራን እንደ ክዋኔ ማጥናት፦ በጎጃም ለሚሠራ የመስክ አጥኚ የተዘጋጀ መመሪያ

ፉከራን ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ግጥሙን ሰብስቦ፣ ዘይቤውንና የቤት አመታቱን ተንትኖ ሥራውን ይጨርሳል። ግጥሙ ሊሰበሰብ የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣው ሰው ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ በሕዝብ መካከል ሲንጎራደድ፣ የጣለውን ሲቆጥርና ገና እጥላለሁ ሲል፣ ዙሪያውን የቆሙት ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ የማይሸሹበት ምክንያት በወረቀት ላይ ከሰፈረው ስንኝ ውስጥ አይገኝም። በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በቢቸና ወይም በዳንግላ አካባቢ መስክ ለሚወርድ ሰው የጥናቱ ማዕከል እንዲሆን የምመክረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ግድያ በሰው ፊት ተከውኖ ግድያ ሳይሆን የሚቀረው በምን ደንብ ነው፣ ደንቡስ የሚፈርሰው መቼ ነው?

ከመስክ በፊት ጥቂት ንድፈ ሐሳቦችን ጠለቅ አድርጎ ማንበብ፣ ብዙዎችን ከመነካካት ይሻላል። አንትሮፖሎጂስቱ ግሪጎሪ ቤትሰን በ1955 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ፣ እንስሳት እየተላፉ ሲነካከሱ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚል መልእክት አብረው እንደሚለዋወጡ አስረድቷል፤ አጥኚው በፉከራ ውስጥ ይህን መልእክት የሚያስተላልፈው ምን እንደሆነ መፈለግ አለበት። የቴአትርና የክዋኔ ተመራማሪው ሪቻርድ ሼክነር ደግሞ ክዋኔን፣ ማለትም በሰው ፊት የሚቀርብን ድርጊት፣ ቀድሞ የተደረገ ድርጊት ዳግም የሚደረግበት ነገር አድርጎ ያየዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን የፈላስፋው የጄ. ኤል. ኦስቲን ሐሳብ ነው፣ ያውም በሚሳሳትበት ቦታ። ኦስቲን በ1955 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባስተማረው ትምህርት፣ መናገር ራሱ ማድረግ የሚሆንባቸውን ንግግሮች ካሳየ በኋላ፣ ተዋናይ በመድረክ ላይ የሚናገረውን ባዶ ነው ብሎ ከትንተናው ወደ ጎን አደረገው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው በሠርግ ላይ ፎክሮ «ደሙን እመልሳለሁ» ቢል ግን፣ ቃሉ በጭብጨባና በእልልታ መካከል ቢወጣም በምስክር ፊት የወጣ ቃል ነውና፣ ኋላ ቢያፈገፍግ እንደ ውርደት ይቆጠርበታል። ጨዋታም መሐላም የሆነውን ይህን ንግግር የት እንደሚመድበው ተማሪው ራሱ መከራከር ይኖርበታል።

ለመቅረጽ የሚመረጠው አጋጣሚ ሠርግ፣ ደቦ፣ ጥምቀት ወይም የጀግና ተዝካር ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የድግሱን ባለቤት ማስፈቀድ፣ የሚቀረጸው ለምን እንደሆነና ማን እንደሚያየው በግልጽ መናገር ግዴታ ነው። አንድን አዛውንት በክፍል ውስጥ አስቀምጦ «እስቲ ይፎክሩልኝ» ማለት ግጥም ያስገኝ ይሆናል፤ ክዋኔውን ግን አያስገኝም። ሌላ አማራጭ ከጠፋና እንዲህ ከተቀረጸ፣ በጥያቄ የተከወነ መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ ሳይሸሸግ ይመዝገብ።

በክዋኔው ሰዓት ካሜራው ፎካሪው ላይ ብቻ እንዳይተከል አጥብቄ አሳስባለሁ። ፉከራ ብዙ ጊዜ ከቀረርቶ ወይም ከሽለላ ተያይዞ ይመጣልና፣ ስሜቱን ያሟሟቀው ማን እንደሆነና ፎካሪው ከመቀመጫው የተነሣው በየትኛው ስንኝ ላይ እንደሆነ ይያዝ። በእጁ የያዘው ዱላ፣ ጦር ወይስ ጠመንጃ ነው? አፈሙዙ ወደ ሰማይ፣ ወደ መሬት ወይስ ወደ ሰው ዞሯል? ራሱን በአባቱ ስም፣ በጌታው ስም ወይስ በፈረስ ስም ይጠራል? ከታዳሚው መካከል «በለው!» የሚለው ማን ነው፣ ዝም የሚለውስ? ከሁሉም በላይ፣ ስሜቱ ከልክ ሲያልፍ ተነሥቶ የፎካሪውን ክንድ የሚይዘውን ወይም መሣሪያውን በእርጋታ የሚቀበለውን ሰው ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ጨዋታን ከእውነተኛ ጠብ የሚለየው፣ የቤትሰን «ይህ ጨዋታ ነው» የሚያመለክተው ወሰን ከነጠባቂው የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከፎካሪው ጋር ያለው ዝምድና ምን እንደሆነ፣ ለምን በዚያች ቅጽበት እንደተነሣ በማግሥቱ ሄዶ መጠየቅ ከአንድ ሙሉ የግጥም መድበል የበለጠ ሊያስተምር ይችላል። የሴቶችን እልልታና የአልቃሾችን ሙሾም እንደ ማጀቢያ ብቻ መቁጠር አይገባም፤ በቀል ያልፈጸመን ወንድ በግጥም መውቀስ ከፉከራው ያላነሰ ኃይል አለው።

ፉከራ የታሪክ ምንጭ ሲሆን ጥንቃቄ ይሻል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተሸንፈው የተማረኩበት የ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት፣ የበላይ ዘለቀ የአርበኝነት ዘመን፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያመፀበት 1960 ዓ.ም. ሁሉም በቃል ግጥም ውስጥ ዱካ ሊኖራቸው ይችላል። ፎካሪው የቆጠረው የጠላት ብዛት የጦር ሜዳ ሪፖርት አይደለም፤ ማጋነኑ ግን ማኅበረሰቡ ምን እንደሚያከብር ይነግራል። ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም ይትኖራ የገበሬዎችን ግጥም ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር አያይዞ ያጠናበት መንገድ ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዓመፅን በአደባባይ የሚከውነው ገበሬው ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1757 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አደባባይ የተፈጸመውን፣ ንጉሡን ለመግደል የሞከረውን የዳምየንን ቅጣት ሲተነትን፣ ሥቃዩ የንጉሡን ሥልጣን ለማሳየት የተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት እንደነበር አሳይቷል። የጣሊያን ወራሪ በአገራችን የተከላቸው መስቀያዎች፣ እንዲሁም በ1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ በራሳችን መንግሥት በአዲስ አበባ የተሰቀለበት ገመድ በዚሁ ዓይን መጠናት ይችላሉ። የገበሬውን ፉከራ ብቻ እያጠኑ የመንግሥትን መስቀያ መተው ዓመፅን የባላገር ጠባይ አስመስሎ ያቀርባልና ይህን አድልዎ አልደግፍም።

ከቴአትር ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ከግሪክ ትራጄዲ ቢጀምር ይጠቀማል። በዚያ ግድያው በአብዛኛው ከተመልካች ዓይን ውጭ ተፈጽሞ፣ መልእክተኛ መጥቶ ይተርከዋል። በፉከራ ደግሞ ተራኪውና ገዳዩ አንድ ሰው ናቸው፤ ከትረካው የሚያተርፈውም ክብር የራሱ ነው። ፉከራ ወደ ዘመናዊ መድረክ ሲወጣ ተመልካቹ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ፣ ክንድ የሚይዘው ሰው ቦታ ባዶ ይሆናል። ይህ ለውጥ ምን እንዳስከተለ አንድን ስንኝ በሠርግና በመድረክ ቀርጾ ማስተያየት ይቻላል።

በአንትሮፖሎጂስቱ በቪክቶር ተርነር አከፋፈል ማኅበራዊ ድራማ ከጥሰት ወደ ቀውስ፣ ከዚያም ወደ መፍትሔ ፍለጋ ሄዶ በእርቅ ወይም በመለያየት ያበቃል። ስለዚህ የደም እርቅም የጥናቱ አካል ይሁን፤ ትናንት በጠመንጃ የተንጎራደደ ሰው በሽማግሌዎችና በካህናት ፊት አጎንብሶ ይቅርታ ሲለምን፣ የሚመለከተው ያው ጎረቤት ነው።

የተቀረጸውን አያያዝ በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። የሟችና የገዳይ ስም ያለበት ቅጂ ጸጥታ በደፈረሰበት ጊዜ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር፣ ያንቀላፋ ደም ሊቀሰቅስ ወይም ፎካሪውን ሊያሳስር ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የሰውና የቀበሌ ስም ይለወጥ፤ ፊት የሚታይበት ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍ። ዋናው ቅጂ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ሲቀመጥ ማን እንዲያየው እንደተፈቀደ በጽሑፍ ይያያዝለት፤ ፎካሪው ከጊዜ በኋላ ይሰረዝልኝ ቢል፣ ምዕራፉ ተጽፎ ያለቀ ቢሆንም እንኳ ይሰረዝለት።