አረንጓዴ ፕሮጀክት መጣ ሲሏችሁ መጀመሪያ ውሉን ጠይቁ

በታዳጊ አገሮች ፋብሪካም መብራትም በብዛት መገንባት አለበት። አካባቢን ለመጠበቅ ብላችሁ ድህነታችሁን ተቀበሉ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ግን የነፋስ ተርባይን ስለተተከለ ብቻ ሕዝቡ ተጠቀመ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ መሬቱ የማን ነበር፣ ኪሳራ ሲመጣስ ማን ይከፍላል?

የኬንያውን የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመልከቱ። 365 ተርባይን፣ 310 ሜጋዋት፣ ባለቤቱ የግል ኩባንያ። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አለቁ፣ የመንግሥት ድርሻ የነበረው ማስተላለፊያ መስመር ግን እስከ 2018 አልደረሰም። ውሉ ለዚህ መዘግየት ቅጣት ስለነበረው፣ አንድ አምፖል ላላበራ ኃይል የሕዝብ ገንዘብ ተከፈለ። መሬቱ ደግሞ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት የወል መሬት ነበር፤ በ2021 ፍርድ ቤት የይዞታ ሰነዱ በሕገወጥ መንገድ የተሰጠ ነው ብሎ ወሰነ።

ስለዚህ ውሉን ስታገላብጡ «ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ትከፍላላችሁ» የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ክፍያው በዶላር ወይም በዩሮ ከሆነም ተጠንቀቁ፣ የአገር ውስጥ ገንዘብ በወደቀ ቁጥር ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ቆጣሪያችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። በሕዝብ ድርጅት መሥራት አይቻልም ካሏችሁ ኮስታ ሪካን ጥቀሱ፤ በ1949 በተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት መሪነት ነው መብራቷን ከሞላ ጎደል ከውሃ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎትና ከነፋስ የምታገኘው።

ማዕድን ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፦ እዚሁ ይቀነባበራል ወይስ ጥሬው ይጫናል? ኢንዶኔዥያ በ2020 ጥሬ ኒኬል (ለባትሪና ለማይዝግ ብረት የሚውል ማዕድን) ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሰሳት፣ እሷ ግን ማቅለጫዎቹን አገሯ ውስጥ አስገነባች። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ማቅለጫዎቹ ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በድንጋይ ከሰል ነው፣ ጭሱን የሚተነፍሱትም ሠራተኞቹና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ እናም ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ሳትጠይቁ አታጨብጭቡ።

ውሉ ምስጢር ነው ከተባላችሁ በዚያ አታቁሙ። አበዳሪው የዓለም ባንክ ወይም የአፍሪካ ልማት ባንክ ከሆነ የአካባቢና የማኅበራዊ ተፅዕኖ ጥናቱን ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከቦታቸው ስለሚነሱ ሰዎች የሚያወራውን ምዕራፍ አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ «አወያይተናቸዋል» የተባሉትን ሰዎች ራሳቸውን አግኝታችሁ ጠይቁ።