የስኖው ብሎወር ሞተር የሚገድሉ ስህተቶች

ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ካልጋሪ የከረመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሯል፣ ጠዋት ሥራ መግባት አለ፣ የስኖው ብሎወሩ፣ ማለትም በረዶ ጠርጎ የሚወረውረው ማሽን፣ ሞተር ግን ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ አልነሳም ይላል። ጥፋቱ ለብርዱ ይሰጣል። ማሽኑ የተበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰመር ነው፣ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ።

ትልቁ ስህተት ቤንዚን ታንክ ውስጥ ትቶ ማሽኑን ለወራት ማቆም ነው። ቤንዚን አንድ ወር ገደማ ሲያልፈው መበላሸት ይጀምራል። ማደያ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል አለበት፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል። ቤንዚኑ እየተነነ ሲሄድ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። እዚያ ያለው የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ቢያክል ነው፤ ለመደፈን ብዙ አይፈልግም። ቾክ (ለማስነሳት አየር የሚቀንሰው መቆጣጠሪያ) ሲሳብ ሠርቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

በረዶው ሲያበቃ ታንኩን አራግፉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። ቤንዚኑን ማቆየት ከፈለጋችሁ ገና አዲስ እያለ ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቤንዚን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ፣ ጨምሩበት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል አስነሱት። ሞተሩን ካላስነሳችሁ ስታቢላይዘሩ ታንኩ ውስጥ ይቀራል እንጂ ካርቡሬተሩ ጋ አይደርስም። ሚኒሶታ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ኤታኖል የሌለበት ፕሪሚየም ቤንዚን ለትንንሽ ሞተሮች ተፈቅዶ ይሸጣል። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ካርቡሬተር ከማስጠገን ግን ይሻላል። 88 የሚል ቁጥር ያለበትን ርካሹን አትቅዱ። 15 በመቶ ኤታኖል ስላለበት ለእነዚህ ሞተሮች አይፈቀድም።

ዘይት ሳያዩ ማስነሳትም የተለመደ ነው። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ እዩ፤ ካዘነበለ መለኪያው ይዋሻል። ለብርድ ብዙ አምራቾች 5ደብሊው-30 (5W-30) የሚባለውን የዘይት ዓይነት ያዛሉ። አዲስ ማሽን ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ካንዴላውንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ርካሽ ነው።

በረዶ የሚስበውን ጥምዝ ብረት የያዘው ቡሎን ሲሰበር ባገኙት ጠንካራ ቡሎን መተካት ሌላው ጥፋት ነው። ያ ቡሎን የተሠራው እንዲሰበር ነው። በረዶ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ሲመታ እሱ ካልተሰበረ ጊርቦክሱ ይሰበራል። የማሽኑን ትክክለኛ ቡሎን ሁለት ሦስት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታሙቁ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቤት ውስጥ ለተኙትም ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ እርጥብ በረዶ ማሽኑ በረዶ የሚወረውርበትን መውጫ ሲደፍነው እጃችሁን አታስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶም ብረቱ ታፍኖ የቆየ ጉልበት ሊኖረው ይችላል፤ በረዶው ሲለቅ በድንገት ይዞርና ጣት ይቆርጣል። ሞተሩን አጥፉ፣ የሚዞረው ሁሉ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ዱላ አጽዱት። ዱላው ከጠፋ የመጥረጊያ እጀታም ይሠራል።