የክብደት መቀነሻ መርፌ ለሚወስዱ፦ ከእንጀራው፣ ከጾሙና ከበዓሉ ጋር በደህና መኖር

በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉት የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያሉ። በብዛት የሚታዘዙት ሴማግሉታይድ (ለክብደት ዌጎቪ፣ ለስኳር ሕመም ኦዜምፒክ) እና ቲርዜፓታይድ (ለክብደት ዜፕባውንድ፣ ለስኳር ሕመም ማውንጃሮ) ናቸው። በትልልቅ ጥናቶች ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠኑ በ72 ሳምንት 21 በመቶ ገደማ የሰውነት ክብደት ቀንሰዋል።

መርፌው የምትበሉትን ያሳንሳል እንጂ አይመርጥላችሁም። አምስት ስድስት ጉርሻ እንጀራ በልቶ የሚጠግብ ሰው ኪሎው ይወርዳል፤ አብሮ ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያንን ትንሽ ምግብ ቁም ነገር ባለው ነገር መሙላት ነው።

መጠኑን አለመቸኮል

ዌጎቪ በ0.25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1፣ 1.7 እና 2.4 ያድጋል። ዜፕባውንድ በ2.5 ተጀምሮ ከአራት ሳምንት በኋላ 5 ይሆናል፤ ከዚያ ካስፈለገ በ2.5 እየጨመረ እስከ 15 ይደርሳል። የመጀመሪያው መጠን ሆድን ለማለማመድ ነው፤ በዚያ ወር ኪሎ አልቀነሰም ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ማቅለሽለሹ በአብዛኛው የሚበረታው መጠኑ በተጨመረ ሰሞን ስለሆነ፣ አሁን ያላችሁበት መጠን ገና ካልተስማማችሁ ለሐኪማችሁ ተናገሩና እዚያው ቆዩ። የግድ መጨረሻው መጠን ላይ መድረስ አለብኝ የሚል ሕግ የለም።

መርፌው ሆድ ላይ (ከእምብርት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ርቆ)፣ ጭን ላይ ወይም ክንድ ላይ ይወጋል። ቦታውን በየሳምንቱ ቀይሩ። ቀኑ ቢያልፋችሁ፣ የሚቀጥለው ዌጎቪ ሊወሰድ ከሁለት ቀን በላይ ከቀረው ወዲያው ውሰዱ፤ ካልሆነ ዝለሉትና በቀኑ ቀጥሉ። ለዜፕባውንድ ካመለጠው ቀን አራት ቀን እስኪያልፍ ድረስ መውሰድ ይቻላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከተዘለለ ግን ጨጓራው ልማዱን ረስቶታልና፣ በነበረው መጠን ከመቀጠላችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ሰሐኑን እንደገና መደርደር

እንጀራ መጥፎ ምግብ አይደለም። ችግሩ ትሪው ላይ ቀድሞ እጅ የሚገባው እርሱ ስለሆነ፣ ወጡ ጋ ሳይደረስ ሆድ ይሞላል። የመጀመሪያው ለውጥ በራስ ሰሐን መብላት ነው፤ ከጋራ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደተበላ አይታወቅም። ሁለተኛው ለውጥ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ሥጋው፣ እንቁላሉ ወይም ምስሩ በሹካ ወይም በማንኪያ፣ ቀጥሎ ጎመኑ ወይም ሰላጣው፣ በመጨረሻ ሩብ እንጀራ።

ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው በኪሎ ክብደቱ ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን በቀን ቢያገኝ ጡንቻውን ይጠብቃል። 75 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ 90 ግራም ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30፣ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ ከ20 እስከ 25፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ሽምብራ 15፣ አንድ ኩባያ ወተት 8፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ገደማ። አይብ ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣለት ስቡ ትንሽ ነው፤ ለቁርስ ከእንቁላል ጋር ይሄዳል። 90 ግራሙን በአንድ ማዕድ መጨረስ አይሞከርም፤ በቀን አራት ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ይከፋፈል።

በቀስታ ብሉ፤ አንድ ማዕድ 20 ደቂቃ ያህል ይውሰድ። የጥጋብ ምልክቱ እንደ ድሮው ሆድ መወጠር ላይሆን ይችላል፤ ግሳት፣ ስቅታ ወይም ደረት ላይ የሚከብድ ነገር ሊሆን ይችላል። ያኔ እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ በላይ የተበላችው ትንሽ ነገር ሌሊት ቃርና ትውከት ይዛ ትመጣለች። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ከሁሉም በላይ ይቆያል። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በጭልፋ ገፋ አድርጋችሁ ከሥር አንድ ብልትና እንቁላሉን አውጡ፤ ቁሌቱ ትንሽ ይበቃል። ክትፎ ቅቤው ቀለል ብሎ ለብለብ ይደረግላችሁ። ቡና አይከለከልም፤ በባዶ ሆድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቱም ሲጠጣ ግን ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። ጠጅና ሌላ መጠጥም ከወትሮው ባነሰ መጠን ሊከብዳችሁ ይችላል።

በሰው ቤት የሚያስቸግረው «በሞቴ» ነው። ሰሐናችሁን ባዶ አታድርጉት፤ ባዶ ሰሐን ሌላ ጭልፋ ይጠራል። ጉርሻ ሲመጣ ትንሿን ተቀበሉና «ሐኪም ትንሽ ትንሽ ብላ ብሎኛል» ማለት ይበቃል፤ አስተናጋጇ ሌላውን ለቤት ብትቋጥርላችሁ ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል።

ጾም እና ፋሲካ

በሁዳዴ 55 ቀን ሁለት ችግር ይገናኛሉ። ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ በቀሩት ሰዓታት የቀኑን ምግብ ሊያስገባ ይሞክራል፣ የዘገየው ጨጓራ ግን አይቀበለውም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በሦስት ትንንሽ ማዕድ ክፈሉት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃና ወፈር ያለ የምስር ክክ፣ አመሻሽ ላይ ሽሮ ዘይቱ አንሶ ከጎመን ጋር፣ ማታ ደግሞ ሽምብራ ወይም ባቄላ። ውጭ አገር ያላችሁ ቶፉን በአዋዜ ጠብሳችሁ ጨምሩበት። ሽሮ ቀጥኖ ከተሠራ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሆድ ሞልቶ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ወፈር አድርጋችሁ ሥሩት።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ክኒን አብሮ የሚወስድ ሰው ጾሙን ሳይጀምር ሐኪሙ ጋ ይሂድ፤ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። ለንስሐ አባታችሁም መድኃኒት ላይ እንዳላችሁ ንገሩ። ለረመዳን ጿሚም ነገሩ ያው ነው፤ አፍጥሩን በውኃ፣ በአንድ ሁለት ተምርና በሾርባ ጀምሩ፣ ሳምቡሳው ይቆይ፣ ሱሑር ላይ እንቁላልና ውኃ አይቅር።

የፋሲካ ሌሊት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁለት ወር ገደማ ቅባት ያላየ ሆድ፣ ያውም በመድኃኒት የዘገየ፣ በአንድ ማዕድ ዶሮ ወጥና ክትፎ ሲጫንበት ትውከት ሊመጣ ይችላል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ስለሚበዛ፣ ቅባቱ የሐሞት ከረጢት ሕመምም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሌሊት አንድ እንቁላልና ሁለት ጉርሻ፣ የቀረው ለነገ።

ድርቀት፣ ውኃ እና ፀጉር

የሆድ ድርቀት ሲያስቸግር ተልባ ጥሩ ነው፤ ግን አዘገጃጀቱ ይወስነዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጡ፣ ጠጥታችሁ ሌላ ብርጭቆ ውኃ ድገሙ። ውኃው ካነሰ ተልባው ራሱ አንጀት ውስጥ ይወፍርና ድርቀቱን ያባብሳል። ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ከተልባው በሁለት ሰዓት ልዩነት ውሰዱት። በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ልኩን ይጠይቅ። ካስመለሳችሁ ወይም ካስቀመጣችሁ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ የፈሳሽ እጥረት ኩላሊት ይጎዳል። በሦስተኛው አራተኛው ወር የሚታየው የፀጉር መርገፍ በአብዛኛው ክብደት በፍጥነት ከመውረዱ የሚመጣና የሚመለስ ነው፤ ቢሆንም ፕሮቲንንና የብረት መጠንን ማስመርመር ተገቢ ነው።

ጡንቻው

መራመድ ጥሩ ነው፣ ጡንቻ ለማቆየት ግን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ያለበት እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ጂም ካልተቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይደገፉ መነሳት 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ገፍቶ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ውኃ ይዞ ማንሳት 10 ጊዜ፤ ይህን ሦስት ዙር። ሲቀል ጨምሩ።

ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ

ወደ ጀርባ የሚዘልቅና የማይለቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም (ቆሽት ሊሆን ይችላል)፣ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ሕመም ከትኩሳት ወይም ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር፣ ውኃ እንኳን የማያስቀር ትውከት፣ የዓይን እይታ በድንገት መለወጥ። ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ያለበት ሰው እነዚህን መድኃኒቶች አይጀምርም። እርግዝና የምታስብ ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ታቁም። ቲርዜፓታይድ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያን ያዳክማል፤ ሲጀመርና መጠን ሲጨመር ለአራት ሳምንት ኮንዶም ይታከልበት። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ለማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሊቆይ ይችላል።

ማስቀመጥ፣ መጓዝ፣ መግዛት

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ዌጎቪ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን፣ ዜፕባውንድ እስከ 21 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል። በረዶ ሆኖ የረጋው ይጣላል። ወደ አዲስ አበባ ስትበሩ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ በረዶው መርፌውን እንዳይነካ በፎጣ ለዩት። ለዘመድ መላክና አንዱን ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለውን መወጊያ) ለሁለት መጠቀም ግን ይቅር፤ የጫፉ መርፌ ቢቀየር እንኳ ደም ወለድ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል፣ የሚከታተለው ሐኪምም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ከማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በሐኪም ማዘዣ ከታወቀ ፋርማሲ ግዙ። በጠርሙስ ተዘጋጅቶ በስሪንጅ የሚሳበው ላይ ደግሞ የመጠን ስህተት ይበዛል፤ 5 ዩኒት (በስሪንጁ ላይ የተጻፈው መለኪያ) የታዘዘለት 50 ዩኒት ሊስብ ይችላል። የመጀመሪያውን ጊዜ ፋርማሲስቱ ፊት ሳቡት።

ማቆም ስታስቡ

ሴማግሉታይድ ያቆሙ ሰዎች በተከታተላቸው ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። መድኃኒቱ የረሃብን ስሜት ይዞት ስለነበረ ሲቆም ረሃቡ ይመለሳል፤ የሰው ድክመት አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይደለም። በገንዘብም ይሁን በሌላ ምክንያት የምታቆሙ ከሆነ ከሐኪም ጋር መክራችሁ አቁሙ፣ የሰሐኑን ቅደም ተከተልና የጡንቻ እንቅስቃሴውን አትተዉ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ተመዘኑ። ሁለት ሦስት ኪሎ ሲመለስ ቀጠሮ ያዙ፤ አሥር እስኪሆን አትጠብቁ።